ከመርዙ በፊት አይጧን እንለይ

ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ኮሽታ ከተሰማ፣ ወይም የዱቄቱ ማዳበሪያ ተቀዶ ከተገኘ፣ አብዛኞቻችን በማግስቱ የምናደርገው አንድ ነው፤ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ሰፈር ከሚዞረው ነጋዴ የአይጥ መርዝ መግዛት። የገባብን ትንሿ የቤት አይጥ ትሁን ትልቁ አይጠ መጎጥ፣ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ይህ ጥያቄ መቅደም አለበት እላለሁ። የሁለቱ ጠባይ ስለሚለያይ አንዷን የሚይዘው ዘዴ ሌላውን አይነካውም። ሳይለዩ የበተኑት መርዝ ደግሞ ልጅንና ድመትን ቀድሞ ሊያገኝ ይችላል።

ለመለየት የግድ እንስሳውን ማየት አያስፈልግም። ባትሪ አብርተው ከመደርደሪያው ጀርባና ከምድጃው ሥር ይመልከቱ። የትንሿ አይጥ ኩስ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጫፉ ሾል ይላል፣ እዚህም እዚያም ተበትኖ ይገኛል። የአይጠ መጎጥ ኩስ ግን ከ1 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል።

እንስሳው ራሱ ከታየም ምልክቱ ብዙ ነው። ትንሿ አይጥ አድጋም ከ30 ግራም እምብዛም አታልፍም። አይጠ መጎጥ ደግሞ ጥቁርና ቡናማ አለ፤ ጥቁሩ ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ሰፋ ያለ፣ ጅራቱ ከቁመቱ የሚረዝም ነው፤ ግድግዳና ሽቦ ላይ መውጣት ስለሚችልበት ኮርኒስ ይወዳል። ቡናማው ደንዳና ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ጅራቱ ከቁመቱ ያጥራል፤ መሬት ይቆፍራል፣ በፍሳሽ ቱቦ ይመላለሳል። ሰው የሚሳሳተው በአይጠ መጎጥ ግልገል ነው። መጠኗ ትንሿን አይጥ ብታክልም ጭንቅላቷና እግሮቿ ለገላዋ ትልልቅ ናቸው።

ዋናው ልዩነት ግን ጠባያቸው ነው። ትንሿ አይጥ አዲስ ነገር ስታይ ሄዳ ታሸታለች፤ ከዚህም ከዚያም ቀመስ ቀመስ ታደርጋለች፤ ከጎጆዋም ብዙ አትርቅም። ስለዚህ አንድ ወጥመድ አይበቃትም፤ ብዙ ትንንሽ ወጥመዶችን በግድግዳው ጥግ ከ2 እስከ 3 ሜትር እያራራቁ መደርደር ያስፈልጋል። አይጠ መጎጥ በተቃራኒው ተጠራጣሪ ነው፤ ትናንት ያልነበረ ዕቃ ካየ ለቀናት ይሸሸዋል። ጎረቤቴ ትልቅ ወጥመድ ገዝታ፣ ሌሊት ሌሊት እያጠመደች ምንም ስላልያዘላት ልትጥለው ነበር። መያዣውን ሳትወጥር የተፈጨ ለውዝ ብቻ እያደረገች እንድታቆየው መከርኳት። ለውዙ መበላት ሲጀምር ወጠረችው፤ ያን ጊዜ ያዘላት።

መከላከሉም እንዲሁ ይለያያል። እስክሪብቶ የሚያስገባ ቀዳዳ ለትንሿ አይጥ በር ነው፤ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ መድፈን ነው። እሷ እህል ውስጥ ባለው እርጥበት ብቻ መኖር ስለምትችል ጤፉና በርበሬው ክዳኑ በሚገጥም በርሜል ይቀመጥ። አይጠ መጎጥ ግን በየቀኑ ውኃ ይፈልጋል፤ የሚንጠባጠብ ቧንቧና ክፍት የፍሳሽ ጉድጓድ ካልተዘጋ ወጥመዱ ብቻውን አያሸንፈውም።

መርዝን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ስሙም መጠኑም ያልተጻፈበት፣ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ልጅ በሚድህበት ቤት መግባት የለበትም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች የሚገድሉት ከቀናት በኋላ በመሆኑ፣ የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይህ ነው።

ሁለቱንም መናቅ አይገባም። ሽንታቸው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ፣ ቁንጫቸው የተስቦ ዓይነት ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። ኩሱን በደረቁ አይጥረጉት፤ በውኃ የተበረዘ በረኪና አርከፍክፈው፣ ጥቂት አቆይተው፣ ጓንት አድርገው ይጥረጉት።

በፍሳሽ መስመር የሚመላለሰውን አይጠ መጎጥ አንድ አባወራ ብቻውን አይችለውም። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የኮሚቴ ስብሰባችሁ ላይ አንሱት፤ የቱቦ ክዳን ለመግጠምና ቆሻሻ በወቅቱ ለማስነሳት ገንዘብ አዋጡ። እርስዎም ዛሬ ማታ መርዝ ከመግዛትዎ በፊት ባትሪ ይዘው ጓዳዎን ይፈትሹ።