የክኒኑ ገለባ የማን ነው?

ለደም ግፊት የሚታዘዘው ባለ 5 ሚሊግራም የአምሎዲፒን ክኒን ሚዛን ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ወደ 200 ሚሊግራም ይመዝናል። የደም ሥርን የሚያላላው መድኃኒት ከዚያ ውስጥ ቅንጣቷ ብቻ ናት። የቀረው፣ ካልሲየም ፎስፌትና ስታርች ተጨምሮበት፣ በአብዛኛው ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ የሚባል ነጭ ዱቄት ነው፤ ማለትም ተጣርቶ የነጣ እንጨት። የእንቅርት ዕጢ ታካሚዎች የሚወስዱት ሌቮታይሮክሲን ደግሞ የሚለካው በማይክሮግራም ስለሆነ መሙያ ዱቄቱ ባይኖር ኖሮ በጣት ተይዞ የሚዋጥ ነገር ጨርሶ አይኖርም ነበር።

አዲስ አበባ፣ ገርጂ በምትገኝ አንዲት ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ማደል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከሁሉ በላይ የሚቀርብልኝ ጥያቄ የዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ ጥያቄው ወደ ክስ ተለውጧል፤ “ባለፈው ወር በዚህ ዋጋ ነበር እንዴ የሰጠሽኝ?” ይሉኛል። ዶላሩ ነው እላለሁ። እውነትም ዶላሩ ነው። ዶላሩ የሚወጣው ግን ለመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ለእንጨት ዱቄትም ጭምር መሆኑን ለሰው የምነግረው ከስንት አንዴ ነው። ሰልፍ ባለበት መስኮት ላይ ይህን ማስረዳት አይመችም።

ሌላው የተለመደ ጥያቄ “የአገር ውስጥ ነው የውጭ?” የሚለው ነው። የውጭ ካልኩ ደንበኛው ፊቱ ይፈታል። እኔን የሚያስቀኝ ልዩነቱ ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል አለመሆኑ ነው። የአገር ውስጥ የተባለው ክኒን ፋብሪካው እዚህ ነው፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅም የእኛው ነው። ወደ ማሽኑ የሚገባው ጥሬ ዕቃ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሕንድ፣ ከቻይናና ከሌላም አገር የመጣ ነው። ፈዋሹን ንጥረ ነገር እዚህ ማምረት ትልቅ ኬሚስትሪ፣ ትልቅ ገንዘብና ትልቅ ገበያ እንደሚጠይቅ ስለማውቅ በእሱ አልከራከርም። የምከራከረው በመሙያው ነው። ጤፍ አጭደን፣ እንሰት ፍቀን፣ ሸንኮራ ጨምቀን፣ ጥጥ ለቅመን በምንኖርበት አገር ሴሉሎስን በዶላር የምንገዛበት ምክንያት አልታየኝም።

ሴሉሎስ የዕፅዋት ሕዋስ ግድግዳ የሚሠራበት ነገር ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሰልም ፓየን እ.ኤ.አ. በ1838 ለይቶ አወጣው። የተሠራው ከግሉኮስ ነው፤ ስታርችም የተሠራው ከግሉኮስ ነው፤ የሚለያዩት ግሉኮሶቹ በተያያዙበት መንገድ ነው። የእንጀራውን ስታርች ሆዳችን ይፈታዋል፣ የጭዱን ሴሉሎስ ግን አይነካውም። በሬም ቢሆን የሚፈታው በሆዱ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን እርዳታ ነው። ለመድኃኒት ቀማሚ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ማንንም ሳያስቸግር የሚወጣ ዱቄት እንደ ልብ አይገኝም። ጥጥ ዘጠኝ አሥረኛው ያህል ሴሉሎስ ነው፣ እንጨት ደግሞ ግማሽ ያህሉ።

ደንበኞቼ ክኒኑ ወይም እንክብሉ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቁበት ወቅት ዐቢይ ጾም ነው። “ልጄ፣ ይሄ ላስቲክ የመሰለው ሽፋን ከምንድን ነው? ጾም ላይ ነኝ” ይሉኛል እናቶች እንክብሉን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው እያዩ። የብዙው እንክብል ሽፋን ጀላቲን ነው፤ ጀላቲን ደግሞ የከብት ወይም የአሳማ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው። ሙስሊም ደንበኞቼም ያንኑ ጥያቄ በራሳቸው በኩል ያመጡታል። መግለጫ ወረቀቱን ገልጬ “ሃይፕሮሜሎስ” የሚል ካገኘሁ ሁላችንም እፎይ እንላለን፤ ሽፋኑ ከእንጨት ወይም ከጥጥ ሴሉሎስ የተሠራ ነውና እማማም ይውጡት፣ ሐጂም ይውጡት። የታመመ ሰው መድኃኒት ቢወስድ ጾሙ አይሻርም ብዬ ለማስረዳት ስሞክር “እሱን የንስሐ አባቴ ይንገሩኝ፣ አንቺ መድኃኒቱን ስጪኝ” ያሉኝ እናት አሉ። ትክክል ናቸው።

ሴሉሎስ ያለበት ሌላው ሁሉ ግን ማንም ሳያውቀው ይሸጣል። የጎሮና የአያት የግንባታ አቧራ ዓይኑን ያቀላው ሰው የሚገዛው ሰው ሠራሽ እንባ ዓይን ላይ እንዲቆይ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ነው፤ በባለሙያ አጠራር ሲኤምሲ። (ሲኤምሲ የሚባለው የከተማችን ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ የግንባታ ድርጅት ነው እንጂ ለእኛ ለፋርማሲስቶች ቢሆን ደስ ባለን።) ይኸው ነገር በጥርስ ሳሙናም፣ በአይስክሬምም ውስጥ አለ። ቁስል የምንጠርግበት ጥጥ ከጋቢው ጥጥ የሚለየው ሰሙ በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ በመውጣቱ ነው፤ ያልተቀቀለ ጥጥ ውሃ ላይ ሲጥሉት ይንሳፈፋል እንጂ ቶሎ አይጠጣም። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባሉ የውበት ሳሎኖች የሚቀባው የጥፍር ቀለም ደግሞ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ ጭስ አልባ ባሩድ ከሚሠራበት ነገር ጋር አንድ ቤተሰብ። ይህን የነገርኳት የሥራ ባልደረባዬ ጥፍሯን በተቀባች ቁጥር ከምድጃ ትሸሻለች፤ ከደረቀ ግድ የለም ብላት አልሰማችኝም።

ክኒን ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ያስገኘው ኦርላንዶ ባቲስታ የተባለ ኬሚስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955፣ አሜሪካን ቪስኮስ በሚባል ሰው ሠራሽ ሐር አምራች ኩባንያ ውስጥ። አሠራሩ ሲወራ ቀላል ነው። ንጹሕ ሴሉሎስ በአሲድ ይቀቀላል። አሲዱ ላላ ብሎ የተዘበራረቀውን ክፍል ይበላና ተጠጋግቶ በሥርዓት የተደረደረውን ይተወዋል። የተረፈው ታጥቦ ይደርቃል። ይህ ዱቄት በማሽን ሲጨመቅ ውሃም ሙጫም ሳይፈልግ ይያያዛል፤ ጭድ የጭቃውን ግድግዳ እንደሚይዘው መድኃኒቱን ይዞ ይቆማል። የባቲስታ ፓተንት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ፈቃድ የምንለምነው ማንም የለም።

ዕውቀቱም ቢሆን እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም የእንሰት ስታርች ለመድኃኒት ሥራ የሚሆን ባሕርይ እንዳለው የመረመሩበትን ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው፣ በጀርመን ሐለ ከተማ ካሉ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሥራ ደግሞ ከጤፍ ጭድ፣ ከእንሰት ቃጫ፣ ከሸንኮራ አገዳ ባጋስና ከቡና ገለባ ሴሉሎስ አውጥተው ባሕርይውን አጥንተዋል። ወደ ክኒን ማሽን ሲወርድ ግን አላየሁም። ይህ የተመራማሪዎቹ ጥፋት አይመስለኝም። በላቦራቶሪ ብርጭቆ የወጣን ዱቄት ወደ ቶን የሚያሳድገው ባለገንዘብ ነው፤ ባለገንዘብ ደግሞ ገዢ ሳያይ አይንቀሳቀስም።

ገዢው የት አለ? ከእኛ ሰፈር ወደ ምሥራቅ ወጣ ሲሉ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረ የልብስ ስፌት ፓርክ። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተከለለ ወደ 280 ሄክታር የሚጠጋ መሬት አለ። የቦሌ ለሚ ሁለተኛ ምዕራፍና ቂሊንጦ የታቀዱት በአንድ የዓለም ባንክ ፕሮጀክት፣ በ250 ሚሊዮን ዶላር ብድር ነው። አንዱ ጥጥ ሲቆርጥ ይውላል፣ ሌላው የጥጥ ዘመድ የሆነ ዱቄት ይፈልጋል። አሜሪካ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል ካስወጣች ወዲህ የልብሱ ዘርፍ ሌላ ገቢ ማሰብ ነበረበት። ከመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር የሚጠረገው የጥጥ ብጣሽ ለወረቀት ምርጥ ጥሬ ዕቃ ነው። ለመድኃኒት ግን ቀለም የነካውን ወይም ፖሊስተር የተቀላቀለበትን እኔ ራሴ አልቀበልም። ለመድኃኒቱ የሚሻለው ከተዳመጠ በኋላ የጥጥ ፍሬው ላይ የሚቀረው አጭር ፀጉር ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ከፍሬው ጋር ዘይት መጭመቂያ ይገባና ፋጉሎ ሆኖ ላም ትበላዋለች።

ክኒን ብቻ ትንሽ ገበያ ነው የሚለኝ ሰው ወደ ሳሚት ወይም ወደ አያት ወጥቶ የሚሠሩትን ፎቆች ይቁጠር። የሴራሚክ ማጣበቂያው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ውሃውን ቶሎ እንዳይለቅ የሚያደርገው፣ እንክብሉን የሚሸፍነው ያው የሴሉሎስ ዘመድ ነው። ስቱኮውም፣ የልብስ ሳሙና ዱቄቱም፣ የግድግዳ ቀለሙም የሴሉሎስ ውጤቶችን ይፈልጋሉ። ለግንባታው ዝቅ ያለ ጥራት ይበቃል፤ በዚያ የተካነ ፋብሪካ ቀስ በቀስ ወደ መድኃኒቱ ደረጃ ሊወጣ ይችላል።

የሚያሳስበኝ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። “ተረፈ ምርት” የሚለው አነጋገር ያበሳጨኛል፤ የጤፍ ጭድ ለገበሬው ትርፍ ሆኖ አያውቅም፣ የበሬው ቀለብና የቤቱ ግድግዳ ነው። ባጋሱም በስኳር ፋብሪካዎች ቦይለር ውስጥ እየነደደ እንፋሎት ይሰጣል። ጭዱን ከገበሬው በርካሽ የሚቀማ ፋብሪካ ከሆነ ይቅርብን፤ ጥጡን የማስቀድመው ለዚህ ነው። ከዚህ የከበደው ደግሞ የውሃው ነገር ነው። ሴሉሎስን ለመለየት ኮስቲክ ሶዳ፣ ለማንጣት ክሎሪን ወይም ፐርኦክሳይድ፣ ለመስበር አሲድ ይፈልጋል፤ ሁሉም ታጥቦ የሚሄደው ወደ ወንዝ ነው። የአቃቂ ወንዝ ደግሞ ተጨማሪ የሚሸከምበት ጀርባ የለውም። የፍሳሽ ማጣሪያ ሳይሠራ ሥራ የሚጀምር ፋብሪካን ቀድሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። በጥራቱም ቢሆን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ላላ ይበል የሚል ሰው ካለ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ክኒኑ ሆድ ውስጥ በሰዓቱ ካልፈረሰ መድኃኒቱ ኖረም አልኖረም አንድ ነው።

የወረቀትን ታሪክ ያየ ሰው የመሙያው ሥራ እስካሁን ባለመጀመሩ አይደነቅም። ወንጂ ላይ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ሸንኮራ ሲጨመቅ ኖሯል፤ እዚያው አካባቢ የተተከለው የወረቀት ፋብሪካ ግን የሠራው በአብዛኛው ከውጭ በገባ ፐልፕና በውዳቂ ወረቀት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ብራዚል ውስጥ የወረቀት ሀብት ነው፤ ቦሌ ውስጥ የፎቅ መወጣጫ እንጨት። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ እኛም የወረቀት ከረጢት ፈላጊዎች ሆነናል። በገበያው “ጨርቅ” ተብሎ የሚሸጠው ባለ ቀለም ቦርሳ ፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም ራሱ ፕላስቲክ መሆኑን ግን ሰው ይወቅልኝ።

መንግሥት በመድኃኒት ጨረታ ለአገር ውስጥ አምራቾች የዋጋ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ጥሩ ነው። ቅድሚያው ክኒኑ እዚህ በመጨመቁ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን ዱቄቱን እዚህ ለመፈለግ የሚደክም አምራች አይኖርም። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 የተዘረጋው የመድኃኒት ማምረቻ ብሔራዊ ስትራቴጂ ዘመኑ አልቋል። በሚተካው ውስጥ ቅድሚያው በአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ ድርሻ ከፍና ዝቅ ይበል፤ መሙያውም ይቆጠር። ቂሊንጦ ላይ አንድ ሼድ ከነፍሳሽ ማጣሪያው ለመሙያ አምራች ይሰጥ፤ ክኒን አምራቾቹም ዱቄቱ መስፈርቱን ካሟላ እንደሚገዙ አስቀድመው ይፈርሙ።

በየትኛው ክኒን ይጀመር ለሚለኝ፣ በሌቮታይሮክሲን አይጀመርም፣ በዲጎክሲንም አይጀመርም፤ በጠቃሚውና በጎጂው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ የመሙያ ለውጥ መሞከሪያ አይሆኑም። በቫይታሚን ቢ ኮምፕሌክስ ይጀመር። በብዛት ይሸጣል፤ ጥቂት ቢለዋወጥም ሰው አይጎዳም። የሁለት ዓመት የጥራት መዝገብ ከተያዘ በኋላ ወደ ፓራሲታሞል ይኬድ፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቶች ተራ ከዚያ ይደርሳል።