ክረምት የስንፍና ወራት ነውን?

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ንጽሕናና ስለ አገር ፍቅር እንደሚጽፉ አውቃለሁ። እኔ ግን ስለ ክረምት ልጽፍ ተነሣሁ። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ በአሶሳና በአካባቢዋ የምንገኝ ስፖርት ወዳድ ተማሪዎች ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ልምምዳችንንም አብረን መዝጋታችን ስሕተት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በክረምቱ መጨረሻ ለሁለት ሳምንት የሚቆይ የልምምድ ካምፕ በትምህርት ቤታችን ሊቋቋም ይገባል እላለሁ።

ይህን አሳብ ያስተማረኝ ሽንፈት ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሰኔ ወር ከክፍሌ ልጆች በ5,000 ሜትር የሚቀድመኝ አልነበረም። ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ወረደ፤ የገነተ ማርያም መንገድም ጭቃ ሆነ። እኔም ጫማዬን አጥቤ ከአልጋ ሥር አስቀመጥሁና ሐምሌንና ነሐሴን ከአባቴ ጋር ማሽላ በማረም፥ የተረፈኝን ጊዜ ደግሞ በመተኛትና እሸት በቆሎ በመጥበስ አሳለፍሁ። በጥቅምት ወር በትምህርት ቤቶች መካከል በተደረገው ውድድር ስምንት ዙር ያህል ከፊተኞቹ ጋር ሮጥሁ። በዘጠነኛው ዙር ግን እግሬ እንደ እንጨት ደረቀ፤ እስትንፋሴም አጠረኝ፤ ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ አለፉኝ። 11ኛ ወጣሁ።

በዚያ ሳምንት የስፖርት መምህራችን ጠሩኝ፤ ግን አልተቆጡኝም። «ስለ በረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች ሰምተህ ታውቃለህን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም በረዶን የማውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብና አዝመራ ሲያጠፋ ብቻ ነው ብዬ ሣቅሁ። እርሳቸው ግን በስልካቸው ሥዕሉን እያሳዩ አስረዱኝ። እንደ ኖርዌይ፥ ስዊድንና ፊንላንድ ባሉት አገሮች በጋው የሚሆነው በኛ ክረምት ነው። በዚያን ጊዜ በሜዳው ላይ በረዶ አይገኝም። ሆኖም የአገር አቋራጭ በረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች አይተኙም። ትንንሽ ጎማ በተገጠመለት መንሸራተቻ በአስፋልት ላይ ይለማመዳሉ፤ ሁለት ዘንግ ይዘው ዳገት ይወጣሉ፤ ክንዳቸውንና ወገባቸውን ያጠነክራሉ። አንዳንዶቹም በረዶው በበጋ ወደማይቀልጥበት ከፍተኛ ተራራ ሄደው ይሰፍራሉ። በፊንላንድ አገር በቩዎካቲ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፥ ውስጡ እንደ ማቀዝቀዣ የሚቀዘቅዝ ዋሻ ተሠርቶ በበጋ ይለማመዱበታል። እንግዲህ በየካቲት የሚታጨደው ድል በሐምሌ የተዘራ ነው ማለት ነው።

ይህ ለፈረንጅ ብቻ የተሰጠ ነው እንዳንል ከራሳችን ወገን ምስክር አለን። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ የበረዶ ሸርተቴንም በዚያ ተማረ። ከዚያ በኋላ ለአገሩ ለመወዳደር ቆርጦ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ባለ ጎማውን መንሸራተቻ አድርጎ፥ በመኪናና በአህያ መካከል ይለማመድ ነበር። በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ አገራችንም በክረምት ኦሎምፒክ ስትካፈል የመጀመሪያዋ ነበር። በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 83ኛ ወጣ። በ2002 ዓ.ም. በካናዳ በቫንኩቨር እንደገና ተወዳድሮ 93ኛ ሆነ። ከርሱ በፊትም ታላቁ አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ማሸነፉ ይታወቃል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «83ኛ መውጣት ምን ያስመካል?» ይሉኛል። እኔ ግን እመልሳለሁ፤ በረዶ በሌለበት አገር ለበረዶ ውድድር የተዘጋጀ ሰው ካለ፥ ሜዳውም ዳገቱም እያለን «ዝናብ ነው» ብለን የተኛን እኛ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ባለፈው ክረምት ከአራት የክፍሌ ልጆች ጋር ሆነን ነገሩን ሞከርነው። መምህራችንም ያለ ክፍያ ረዱን። መንሸራተቻ የለንም፤ ሽመል ግን ሞልቶናል። የኛ የቆላ ሽመል ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ አይሰበርም፤ በፈረንጅም አገር ቢሆን የዛሬው የካርቦን ዘንግ ሳይመጣ የበረዶ ሸርተቴ ዘንግ ከቀርከሃ ይሠራ ነበር። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሽመል ቆርጠን ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ዳገቱን እየዘለልን መውጣት ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከበራቸው ወጥተው፥ «ልጆቼ፥ ሌባ ነው ወይስ ጅብ?» ብለው ጮኹ። ልምምድ መሆኑን በነገርናቸው ጊዜ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ስንዘገይ «ዛሬስ የት ቀራችሁ?» ይሉን ነበር።

ጥቅሙን ብቻ ተናግሬ ጉዳቱን ብደብቅ እውነተኛ አልባልም። ልምምዱን የጀመርነው በሐምሌ ነበር፤ ሐምሌ ደግሞ የአረም ወር ነው። አባቴ «ሩጫ ማሽላ አያርምም» እያሉ ደጋግመው አስጠነቀቁኝ፤ እኔ ግን ከልምምድ ደክሜ እየመጣሁ አንዱን ማሳ «ነገ፥ ነገ» እያልሁ አሳለፍሁት። በኋላ ብንደርስ አቀንጭራ በቅሎ አብቦ አገኘነው። አቀንጭራ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አያይዞ ምግቡን የሚመጥ ክፉ አረም ነው፤ ሳያብብ ካልተነቀለም ዘሩ ለብዙ ዓመታት በመሬት ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ማሳ ያገኘነው እህል ከወትሮው እጅግ ያነሰ ነበር። አባቴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። በጥቅምት ውድድር 4ኛ ወጥቼ ስመለስ እንኳ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም።

ስለዚህ አሳቤን በዚህ ልክ አሻሽዬ አቀርባለሁ። ካምፑ በሐምሌ አይሁን። የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ፥ ዋናው አረምም ካለቀ በኋላ፥ ከነሐሴ 20 አንሥቶ እስከ ጳጉሜን መጀመሪያ ይሁን። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ዳገት መውጣት ለጤና አይበጅምና ይህ ጊዜ ለምእመኑም ይስማማል። የእስላም ጓደኞቻችንም ጾም በክረምት በሚውልበት ዓመት እንደዚሁ ሊታሰብላቸው ይገባል። ልምምዱ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ቢሆን ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ቤተሰቡ ሥራ ይሄዳል። ርቀው ለሚኖሩት ደግሞ ባዶ የቆመ አንድ የመማሪያ ክፍል ማደሪያ ቢሆን፥ ምንጣፍና ስንቅ ከየቤታችን እናመጣለን።

«እኛ የበቆጂ ልጆች አይደለንም፤ አገራችን ቆላ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን አሶሳ ከ1,600 ሜትር አታልፍም። ነገር ግን የውድድሩን የመጨረሻ አራት ዙር የወሰደብኝ የአገሬ ቆላነት ሳይሆን የራሴ የሁለት ወር እንቅልፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቆላ ተለማምጄ እስከ መጨረሻው ደርሻለሁና።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እርሻው እንዲጎዳ አንሻም፤ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ፍቀዱልን። መምህራኖቻችን ሆይ፤ ምሩን። እናንተም ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እኔ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ እሄዳለሁ፤ ሽመሎቼን ግን ለመምህራችን ሰጥቻቸዋለሁ። ክረምቱ ሲመጣ የሚያነሣቸው ይነሣ። ከዚያ በፊት ግን የአባቱን ማሳ አርሞ ይጨርስ።