ጭስ ማውጫ የሌለው ቤት

ቅጠል የሌለው ዛፍና ጭስ ማውጫ የሌለው ቤት የሣለ ልጅ «ችግር አለበት» ተባለ። እዚሁ አዳማ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። እናቱ ጎረቤቴ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ተጠርተው «ልጅዎ ባዶነት ይሰማዋል፤ ቤቱም ፍቅር የለውም» ተብለው እያለቀሱ ተመለሱ። ማስረጃው ቤት፣ ዛፍና ሰው የተሣለበት አንድ ወረቀት ነው። ስለ ሥዕሉ ልጁን የጠየቀው የለም። እኔም ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ቤት፣ ዛፍና ሰው አሥሎ የሚተረጉመውን ይህን ፈተና ያወጣው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን በክ ነው፣ በ1948 እ.ኤ.አ.። በትርጓሜው የቤቱ ጭስ ማውጫና ጭሱ ስለ ቤተሰብ ፍቅርና ውጥረት ይናገራሉ። እስቲ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ቁጠሩልኝ! በበጋ በመተሐራ መንገድ ያለፈ ሰውም ቅጠሉን ያረገፈ ግራር ሞልቶ አይቷል። ልጁ የሣለው ያየውን ነው።

ሳይፈተሽ ከውጭ የመጣ መለኪያ በልጆቻችን ላይ ሲጫን እንደማልታገሥ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። «የሠለጠነ ዓይን ያውቃል» ለሚሉኝ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሎረንና ጂን ቻፕማን በ1967 እ.ኤ.አ. መልሰውላቸዋል። ሥዕሎችንና የሕመም ምልክቶችን በዘፈቀደ አጣምረው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢያሳዩ፣ ተማሪዎቹ ጎላ ያለ ዓይን የሣለ ሰው ተጠራጣሪ ነው አሉ። ባለሙያዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነበር። ለተማሪዎቹ በቀረቡት ሥዕሎች ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አልነበረም። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መጠይቅ እንኳ በአማርኛ ሲዘጋጅ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ከሐኪም ምርመራ ጋር ተነጻጽሯል። የዛፉ ትርጓሜስ በአዳማ ልጆች ላይ ተፈትሿል ወይ ብዬ ብጠይቅ የመለሰልኝ የለም።

የእርሳሱም ነገር አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሰርፔል በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሉሳካንና የማንቸስተርን ልጆች አወዳድሯል፤ በእርሳስ እንግሊዞቹ፣ በሽቦ ዛምቢያውያኑ በለጡ፤ በሸክላ ጭቃ እኩል ወጡ። በሰፈሮቻችን ከሽቦና ከቆርኪ ባጃጅ ሠርተው በረጅም መሪ የሚነዱ ልጆችን ላየ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። እነዚህ እጆች ብዙ ያውቃሉ፤ ለዓመታት ሳይሥሉ ቆይተው ድንገት በእርሳስ ሰው ሣሉ ሲባሉ ግን እንደ ሕፃን ቢሥሉ ሕመም አይደለም።

ሥዕል ይቅር አልልም። ዝም ያለ ጎረምሳ እየሣለ አንደበቱ ሲፈታ አይቻለሁ። መምህሩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «እስቲ ስለዚህ ዛፍ ንገረኝ» ይበለው፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ልጁ በሚቀናው ቋንቋ። የሚያሳስብ ነገር ከሰማም፣ እናት ጠርቶ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት የአእምሮ ሐኪም ያማክር።