ማረጥ በሽታ አይደለም፤ ዝምታው ግን ይጎዳል



በመስጂድ የሴቶች ክፍል ለተራዊሕ ከቆሙት እናቶች መካከል አንዷ ድንገት ከደረታቸው ወደ ፊታቸው እሳት የሚመስል ሙቀት ይወጣባቸዋል። ሌሎቹ በብርዱ ሹራብ ደርበው ሳለ የእርሳቸው ላብ ከሒጃባቸው ሥር ይንቆረቆራል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይበርዳቸዋል። ሌሊቱንም በዚሁ ምክንያት እንቅልፍ አጥተው ነው ያደሩት። ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው «ምንም አይደል፣ ድካም ነው» ይላሉ። ጎረቤት «ምች ነው»፣ ሌላዋ «ደም ብዛት ነው» ትላለች። ትክክለኛውን ስም ግን ማንም አይጠራውም፦ ማረጥ።

ለምን አይጠራም? በእኛ ዘንድ «አረጠች» የሚለው ቃል እንደ ስድብ የሚነገርበት ጊዜ አለ። ዐረቦችም ዕድሜውን «ሲኑል የእስ» ማለትም የተስፋ መቁረጫ ዕድሜ ይሉታል። ነገር ግን ቁርኣን በሱረቱ ጦላቅ 4ኛ አንቀጽ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች ዒዳ ሦስት ወር መሆኑን ሲደነግግ ጉዳዩን በግልጽ ያነሳዋል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ሐፍረት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው አመስግነዋቸዋል። አላህ (ሱ.ወ.) በመጽሐፉ ያነሳውን ጉዳይ እኛ በቤታችን ለማንሳት የምናፍረው ለምንድን ነው?

ሰውነት ምን እያለ ነው?

ማረጥ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እየቀነሰ ሲሄድ የወር አበባ ይዛባል፤ አንዳንዴም ለዓመታት እየመጣ እየጠፋ ይቆያል። ሴቲቱ አርጣለች የሚባለው ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወር ሙሉ ሳታይ ስትቀር ነው። እስከዚያው ድረስ እርግዝና ሊከሰት እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ወላፈን የመሰለው ሙቀት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የስሜት መለዋወጥና የብልት ድርቀት የዚህ ሽግግር ምልክቶች ናቸው። ሰውነት ተበላሽቶ ሳይሆን ወደ ሌላ ምዕራፍ እየተሻገረ ነው።

በዚህ ወቅት ሰውነት የሚጠይቀውን መስጠት ይገባል። ኢስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል። ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት በቀን እስከ 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይዟል። እርጎ፣ አይብ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራም ያግዛሉ። ካልሲየሙ በአጥንት ላይ እንዲውል ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተሸፍነን የምንወጣ ሴቶች በግቢያችን ውስጥ ክንዳችንን ለፀሐይ እናውጣ። በእግር መሄድም ለአጥንት ይጠቅማል። ቡናና በርበሬ የበዛበት ወጥ ሙቀቱን የሚቀሰቅስባቸው ሴቶች አሉ፤ ለእነርሱ ቢያንስ የማታውን በረካ መተው አይከብድም። በእነዚህ ሁሉ ያልበረደ ሥቃይም መድኃኒት አለው። የሆርሞን ሕክምና ለሁሉም ሴት ስለማይሆን ግን ሐኪም ይወስን።

ሰውነት ሲያስጠነቅቅ

ሰውነትን ማመን የመጣውን ሁሉ «የዕድሜ ነው» ብሎ ማሳለፍ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንዲት እናት ካረጡ ከዓመታት በኋላ ደም ያያሉ። አንዳንዷ «ወጣትነቴ ተመለሰ» ብላ ትስቃለች፤ ሌላዋ አፍራ ትደብቃለች። ብዙዎች ሐይድ ነው ወይስ ኢስቲሓዷ ብለው ስለ ሶላታቸው ዓሊም ይጠይቃሉ፤ መልካም አድርገዋል። ስለ ማህፀናቸው ግን ሐኪም አይጠይቁም። ከ12 ወር በኋላ የታየ ደም አንዲት ጠብታም ብትሆን መመርመር አለባት። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዳንዴ ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል። ካንሰሩ በጊዜ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ የምታልፈው እያንዳንዷ ወር ዋጋ አላት።

በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም፣ ከ40 ዓመት በፊት የተቋረጠ የወር አበባ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ከባድ ሐዘንም እንዲሁ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው።

ወንድሞች ሆይ! ሚስቶቻችሁ ሌሊት መስኮት ሲከፍቱ አትቆጡ፤ «ምን ተሰማሽ?» በሉ። ሐኪም ዘንድ ስትሄድም አብራችኋት ሂዱ። ልጆችም እናቶቻችሁን ጠይቁ።

እህቶቼ! ሰውነታችን አማና ነው። ትዕግሥት ሲጠይቀን እንታገሠው፤ ሲጮህ ደግሞ እንስማው። አላህ ለሁላችንም ዓፊያ ይስጠን። አሚን።