አውቶቡሱን ባዶ ያስቀረው ማን ነው?



በክርክር መድረኮቻችን ላይ ስለ ዘር አድልዎ በተነሣ ቁጥር አንዲት ታሪክ ሳትጠቀስ አትቀርም። በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ከሥራ ደክመው ሲመለሱ በአውቶቡስ ላይ ለነጭ ሰው መቀመጫዬን አልለቅም አሉ፤ ታሰሩ፤ ሕዝቡም ተቆጣ፤ አድልዎም ቀረ ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው፤ ለመስማትም ይጥማል። ነገር ግን እንደዚህ አጥሮ ሲነገር ግማሹ ተረት ይሆናል፤ ተረትነቱም ጉዳት አለው። ምክንያቱም ይህን የሰማ ሰው ሁለት የተሳሳቱ ትምህርቶች ይዞ ይሄዳል። አንደኛው፣ አድልዎ ማለት የአንድ ባለጌ ሾፌር ክፋት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አድልዎን ለማጥፋት አንድ ጀግና እስኪነሣ መጠበቅ ይበቃል የሚል ነው። እኔ ግን ከሁለቱም ጋር አልስማማም፤ ምክንያቴንም ከዚያው ከሞንትጎመሪ ታሪክ አወጣለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የሾፌሩን ነገር እንመልከት። በሞንትጎመሪ አውቶቡሶች ውስጥ የፊተኞቹ አሥር መቀመጫዎች ለነጮች ብቻ የተከለሉ ነበሩ፤ ባዷቸውን ቢሄዱም እንኳ ጥቁር ሰው አይቀመጥባቸውም። ጥቁሩ ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ብዙ ጊዜ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ይታዘዛል፤ አንዳንዱም ወደ ኋላ በር ሲሄድ አውቶቡሱ ጥሎት ይነጉዳል። የከተማው ደንብ ሾፌሩ አውቶቡሱን በያዘበት ሰዓት ይህን ልዩነት ለማስከበር የፖሊስ ሥልጣን እንዲኖረው ያዝዛል። ከተሳፋሪዎቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ከሾፌሮቹ መካከል ግን አንድም ጥቁር አልነበረም። እንግዲህ ሾፌሩ ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ደንቡ አለ፤ ፖሊሱ አለ፤ ዳኛው አለ፤ ኩባንያው አለ። ሾፌሩ ጨዋ ከሆነ «እባክዎን ይነሡ» ይላል፤ ባለጌ ከሆነ «ተነሽ» ይላል፤ መነሣቱ ግን አይቀርም። የአድልዎ ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው፤ የክፉ ሰው ክፋት ሳያስፈልገው በደህና ሰው እጅ የሚሠራ መኪና ማለት ነው።

ወደ ጀግናዋ ነገር ስንመጣ ደግሞ ታሪኩ የሚጀምረው ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ከታሰሩበት ቀን አይደለም። ወይዘሮ ጆ አን ሮቢንሰን የሚባሉ በአላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት በ1949 ባዶ ሊባል በሚችል አውቶቡስ ውስጥ ወደ ፊት ጠጋ ብለው ስለ ተቀመጡ ሾፌሩ ጮኸባቸው፤ እያለቀሱ ወረዱ። እንባቸውን ጠርገው ግን ዝም አላሉም። የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የተባለው ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው በደሉን እየሰበሰቡ ለከተማው ሹማምንት ያቀርቡ ጀመር። ሜይ 21 ቀን 1954 ለከንቲባው በጻፉት ደብዳቤም ጥቁሮች መሳፈር ቢተዉ አውቶቡሶቹ ሊሠሩ እንደማይችሉና የአድማ አሳብም በሕዝቡ መካከል እንዳለ አስታወቁ። ይህ ወይዘሮ ሮዛ ከመታሰራቸው ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ነው።

ማርች 2 ቀን 1955 ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከመቀመጫዬ አልነሣም አለች፤ ፖሊሶች ጎትተው አውርደው አሰሯት። በኦክቶበር ወር ደግሞ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ የምትባል የ18 ዓመት ወጣት በዚሁ ምክንያት ታሰረች። ወይዘሮ ሮዛ የታሰሩት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ዲሴምበር 1 ቀን ነው። እሳቸውም ቢሆኑ ስለ ትግል የማያውቁ ልብስ ሰፊ አልነበሩም፤ ከ1943 ጀምሮ የጥቁሮች መብት ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ በመሆን ያገለገሉ፣ የተበደሉ ሰዎችን ቃል እየተቀበሉ የጻፉ ሴት ነበሩ። እግራቸው ደክሞ እንዳልነበረም በኋላ ራሳቸው አስረድተዋል።

ታዲያ ሕዝቡ በክላውዴት ኮልቪን መታሰር ጊዜ ለምን አልተነሣም? መሪዎቹ ተመካክረው ልጅቱ ለጉዳዩ አትመችም ስላሉ ነው። ዕድሜዋ ገና ነው፤ ቁጡ ናት፤ ቤተ ሰቧ ድሃ ነው ተባለ፤ በኋላም ማርገዟ ተሰማ። የቆዳዋ ጥቁረት እንኳ ከተናቀችባቸው ምክንያቶች አንዱ እንደ ነበረ እሷው ራሷ ተናግራለች። መሪዎቹን በችኮላ መኰነን አይገባም፤ ጠላት በጥቂት ነውር ትልቁን ጉዳይ እንዳያጠፋው ፈርተው ነበር። ነገር ግን ከዚህ ላይ ልንማረው የሚገባ መራራ ነገር አለ። ለተበደለ ሰው ከመቆማችን በፊት ተበዳዩ ያማረ፣ የተማረ፣ እንከን የሌለበት መሆኑን የምንመረምር ከሆነ የበዳዩን ሚዛን እኛም በእጃችን ይዘናል ማለት ነው።

ወይዘሮ ሮዛ በታሰሩበት ሌሊት የሆነውን ደግሞ ይህን ጋዜጣ የሚያዘጋጅና የሚያነብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ወይዘሮ ሮቢንሰን ወሬውን እንደ ሰሙ አጭር ጽሑፍ አረቀቁ፤ እኩለ ሌሊት ገደማ ከአንድ የኮሌጁ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ወደ ኮሌጁ ሄደው ስቴንስል አዘጋጁ፤ የማባዣውን መኪና ሲያዞሩ አደሩ። ወረቀት ለመቆጠብ ጽሑፉ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ እንዲታተም አድርገው ቆረጡት። ሲነጋ ቢያንስ 35 ሺህ ወረቀት ተዘጋጅቶ ነበር። መምህርቷ የጧት ክፍላቸውን አስተምረው ወጡና ከተማሪዎቻቸው ጋር በየትምህርት ቤቱና በየሱቁ አደሉት። ጽሑፉ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ዲሴምበር 5 ቀን ማንም ጥቁር ሰው አውቶቡስ እንዳይሳፈር። ሰኞም አውቶቡሶቹ ባዶ ሆኑ። የ26 ዓመቱ ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የአድማው መሪ ሆነው የተመረጡት በዚያው ዕለት ነው፤ ይህም ማለት መሪው የመጡት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

የአንድ ቀን አድማ የተባለው 381 ቀን ቆየ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው እንኳ መጠነኛ ነበር፤ ሾፌሮች ሰውን በአክብሮት እንዲያነጋግሩ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ እንዲቀመጥ፣ በጥቁሮች ሰፈር ጥቁር ሾፌሮች እንዲቀጠሩ ነው። ይህም ተከለከለ። ስለዚህ 300 ያህል የግል መኪናዎች ተሰብስበው ሠራተኛውን ማመላለስ ጀመሩ፤ ሌላው በእግሩ ሄደ። ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ወጥ ቤት ከጓደኞቻቸው ጋር ምግብ እያበሰሉ እየሸጡ ለነዳጅ የሚሆን ገንዘብ ሰበሰቡ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1956 በዶክተር ኪንግ ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ። በፌብሩዋሪ ወር 89 ሰዎች አድማን በሚከለክል የ1921 ሕግ ተከሰሱ። የወይዘሮ ሮቢንሰን መስኮት በድንጋይ ተሰበረ፤ መኪናቸውም ላይ አሲድ ፈሰሰ።

በመጨረሻ ሕጉን ያፈረሰው ክስ የማን ነበር? ወይዘሮ ሮዛ በዚህ ክስ ውስጥ የሉበትም። በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሳሽ ሆነው የቆሙት አራት ሴቶች ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝና ያችው አትመችም የተባለችው ክላውዴት ኮልቪን ናቸው። ጁን 5 ቀን 1956 ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ በአውቶቡስ ላይ ነጭና ጥቁርን መለየት ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብለው ፈረዱ፤ ኖቬምበር 13 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው።

ድሉ የሁሉ ሆነ፤ ዋጋው ግን በየግል ተከፈለ። ወይዘሮ ሮዛ ከሥራቸው ወጥተው በ1957 ወደ ዲትሮይት ተሰደዱ። ክላውዴት ኮልቪን ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ አረጋውያንን በማስታመም ብዙ ዘመን ሠራች፤ የፍርድ ቤት መዝገቧ የተሰረዘላት በ2021፣ ከ66 ዓመት በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ 1960 የዚያው የአላባማ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት የመንግሥት ምግብ ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ዘጠኙ ሳይጠየቁና መልስ ሳይሰጡ ከትምህርት ተባረሩ። ወይዘሮ ሮቢንሰንም በዚያው ዓመት ኮሌጁን ለቀቁ። ከተባረሩት ተማሪዎች አንዳንዶቹ ግን ከሰሱ፤ በ1961 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ጥፋቱን ነግሮ ቃሉን መስማት አለበት ሲል ፈረደ። ዛሬ በዚያ አገር ማናቸውም የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪ የሚጠቀምበት ይህ መብት የተገኘው ጥቁሮቹ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ባጡበት ዋጋ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለሩቅ አገር ሰው እንድናዝን ብቻ አይደለም። ስለ አሜሪካ ጥቁሮች በደል ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ወደ ራሳችን ስንመለስ ግን ዝቅ ይላል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላል ያገራችን ሰው። በ1942 በወጣው አዋጅ ባርነት በአገራችን በሕግ ተሻረ፤ ሕጉ የሻረውን ግን አፋችን አልሻረውም። «ባሪያ»ና «ሻንቅላ» የሚሉት ቃላት ዛሬም በቀልድ ስም ይወረወራሉ። ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ በገዛ አገሩ «ከየት አገር ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። አልሰማሁም የሚል ካለ ጆሮውን ይመርምር።

አንዳንዶች «ይህ የጥቂት ባለጌዎች ነገር ነው፤ በእኛ ዘንድ የተከለለ ወንበር የለም» ይሉ ይሆናል። በእርግጥ በደንብ የተጻፈ የለም። ነገር ግን የተሰደበው ተማሪ አቤት የሚልበት ቦታ ከሌለ፣ ቢልም «አንተ ደግሞ ቀልድ አታውቅም» ከተባለ፣ ለማኅበር ሥራ ሰው ሲመረጥ ስሙን የሚያነሣ ከጠፋ፣ ያልተጻፈው ደንብ ከተጻፈው በምን ይሻላል? የተጻፈውስ በፍርድ ቤት ይሰረዛል፤ ያልተጻፈውን ማን ይሰርዘዋል?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ስለ ቀለምና ስለ ዘር የተሰደበ ወይም የተገፋ ማንም ሰው፣ ተማሪም ሆነ የግቢው ሠራተኛ፣ ቃሉን የሚሰጥበት መዝገብ ይከፈት፤ የሚመዘግብም ጸሐፊ ይመረጥ። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው «ምን ተደረገብህ?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ «አንተ ማን ነህ? ጠባይህስ እንዴት ነው?» ብሎ አይጀምር። ሦስተኛ፣ የመዝገቡ ፍሬ ነገር በየመንፈቁ የተበዳዩ ስም ሳይጠራ ለጠቅላላ ስብሰባ ይቅረብ፤ መምህራንም ይገኙበት። ከእነሱ የምንለምነው የወይዘሮ ሮቢንሰንን ያህል እንዲያደርጉ አይደለም፤ በክፍላቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ስድብ ሲሰሙ እንዳላዩ አይለፉት።

ይህ አነስተኛ ነገር ይመስላል። የሞንትጎመሪም ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን አነስተኛ ነበር። በዚያች ሌሊት ማባዣውን ሲያዞሩ ያደሩት ሁለት መምህራንና ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ በጠቅላላው አራት ሰዎች። እኛ ከዚያ እንበዛለን፤ ማባዣም አለን።