የ9 ሺህ ብር ሳፋ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ድምፅ በራችን ላይ ሲደርስ ቡናዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ቁም ሣጥኔ አልዘጋ ካለ ወር አልፎታል። ልብስ በዕቃ የሚለውጠው ልጅ ሳፋና ጆግ ያሰረበትን ሸክሙን አወረደና ያወጣሁለትን ልብስ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየ። ስፌቱን ሳብ ሳብ አደረገ፤ ዚፑን ከፍቶ ዘጋ። የሰናፍጭ ቀለም ያለው የበዓል ቀሚስ፣ ነጭ ጃኬት እና የሚያብለጨልጭ ጉርድ ነበሩ። አንዳቸውም አላረጁም። የጃኬቱ የዋጋ ወረቀት እንኳ ገና አልተቆረጠም።

«ለእነዚህ ጆግ ነው፣ እትዬ» አለኝ።

«አንተ! ቀሚሱ ብቻውን እኮ 4,200 ብር የተገዛ ነው!»

«ማማሩስ ያምራል፤ ግን ከምን ጋር ይለበሳል? ማንስ ይወስድልኛል?» አለና ገመድ ላይ ወደተሰጣው ጥቁር ሱሪዬ በአገጩ ጠቆመ። «እሱን ቢጨምሩበት ሳፋውን ይውሰዱ።»

ሱሪውንማ አልሰጥም። ለቢሮ፣ ለገበያ፣ ለለቅሶ የምሮጠው በእሱ ነው። በመጨረሻ የባለቤቴን አሮጌ ጫማ መርቄለት ሳፋውን ወሰድኩ። ከዚያ ተቀምጬ ስደምር ቡናዬ ቀዘቀዘ። ቀሚሱ 4,200፣ ጃኬቱ 3,000፣ ጉርዱ 1,800 ብር። 9 ሺህ ብር፣ ጫማው ሳይቆጠር!

ኑሮ ተወዷል፤ ይህን የሚክድ የለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ልብስ ዋጋም አብሮ ወጣ። የእኔን 9 ሺህ ብር የበላው ግን ዶላር አይደለም። አንዱ ከሌላው የማይተዋወቅ ልብስ መግዛቴ ነው። ቀሚሱን ሁለት ጊዜ ለበስኩት፤ አንዱ ቀን በ2,100 ብር ወጣልኝ ማለት ነው። በ1,800 ብር የገዛሁትን ሱሪ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለቴ ለብሼዋለሁ። ሂሳቡን ብሠራው ለአንድ ቀን 9 ብር እንኳ አይሞላም። ውዱና ርካሹ የሚታወቀው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ገመድ ላይ ነው።

ወላጆቻችን ልብስን የክትና የዘወትር ብለው ሲለዩ ይህን ሂሳብ አሳምረው ያውቁ ነበር። እናቴ የክት ቀሚሷን ሣጥን ውስጥ አጣጥፋ ለዓመት በዓል ታወጣው ነበር። ቀለሙ ሲደበዝዝ ወደ ዘወትር ይወርዳል፤ ክርኑ ሲሳሳ ለእኔ ይጠባል፤ ከእኔ ሲተርፍ የወለል መወልወያ ይሆናል። አንድ ጨርቅ አራት ሹመት ነበረው። የዛሬው የክት ልብሳችን ግን መውረድ አይችልም። ውኃ አይነካው፣ ካውያ አይችል፣ ታክሲ ውስጥ አይቀመጡበት። በየበዓሉ አዲስ እንገዛለን፤ ያለፈው ዓመቱ ደግሞ ሣጥን ውስጥ እንዳማረበት ይሞታል።

እስቲ ነጠላችንን እንመልከት። ያቺው አንዷ ነጠላ ተጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ተዘቅዝቃ ለቅሶ ትደርሳለች፤ ታደግድጋ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ ጠዋት ሲበርድ ትከሻ ላይ ጣል ትደረጋለች። የሚለወጠው አለባበሷ ነው። ጥለቷ ረጋ ያለ ከሆነ ከየትኛውም ቀሚስ ጋር ትስማማለች። ከሽሮ ሜዳ ነጠላ ስትገዙ ጥለቱን ለአንድ ቀሚስ ብቻ ብላችሁ አትምረጡት የምለው ለዚህ ነው።

እኔም ሳፋውን ከወሰድኩ ወዲህ ቁም ሣጥኔን በዚሁ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ። ከታች የሚለበስ ሦስት፦ ጥቁር፣ ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ። ከላይ አምስት፤ ሁሉም ከሦስቱም ጋር የሚሄዱ። ከዚያ አንድ ሹራብና አንድ ኮት። ሦስቱን በአምስቱ ብታባዙ 15 ዓይነት አለባበስ ይወጣል፤ በሹራብ ወይም በኮት ሲሆን ደግሞ 30። ለአንድ ወር የሥራ ቀን ይተርፋል፤ ዕቃው ግን በጠቅላላው አሥር ነው። ደማቅ ቀለም አምሮኝ እንደሆነ በሻርፕ እወጣዋለሁ። ለአዲስ አበባ አየርም የሚመቸው ይኸው ነው። በኅዳር ጠዋት ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ፣ እኩለ ቀን ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ ባለበት ከተማ አንድ ወፍራም ልብስ ከመግዛት ተደራርቦ የሚወልቅ መያዝ ይሻላል።

ገበያ ስወጣም የልዋጩን ልጅ ጥያቄ ይዤ ነው፦ ከምን ጋር ይለበሳል? ቤት ካለው ልብስ አብረውት የሚሄዱ ሦስት መጥራት ካቃተኝ መልሼ እሰቅለዋለሁ፤ ቢረክስም። በተለይ ሳልቫጅ ተራ ላይ ይህ ጥያቄ ያድናል። እዚያ እጅን የሚፈታው ርካሽነቱ ነው። «በዚህ ዋጋማ!» እያልን የማንለብሰውን አምስት ይዘን እንመለሳለን። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው። ከመክፈል በፊት ልብሱን ገልብጦ ብብቱን፣ የጭኑን መገናኛና ዚፑን ማየት፣ ጠርዙ ላይ ለማስረዘሚያ የሚሆን የታጠፈ ጨርቅ መኖሩን መዳሰስ ያስፈልጋል።

የሰፈር ልብስ ሰፊንም አንርሳ። በየጥጉ መኪናውን ዘርግቶ የሚቀመጠው ሰው የሰፋውን ያጠባል፣ የረዘመውን ያሳጥራል፣ ያለቀ ገበር ይቀይራል። ያ ጥቁር ሱሪዬ ሁለት ጊዜ ዚፑ ተቀይሯል፣ አንዴም ወገቡ ሰፍቷል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአዲስ ሱሪ ሩብ ዋጋ አልሞላም።

አሁን ወደ ሠርግ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሊቀየመኝ ይችላል። ሚዜዎችና ዘመድ አዝማድ አንድ ዓይነት ጨርቅ እንዲለብሱ የምትመርጡ ሙሽሮች፣ የአንድ ቀን ፎቶ ብቻ አትዩ። ሚዜዋ ብሩን የምታወጣው ከወር ደመወዟ ነው፤ እምቢ እንዳትል ደግሞ ይሉኝታ ይይዛታል። በማግሥቱ አሳጥራ ቢሮ የምትለብሰውን ቀለምና ቅድ ብትመርጡላት ሠርጉ አይደበዝዝም። እናንተም በየሣጥኑ ውስጥ በታጠፈ ቀሚስ ሳይሆን በምርቃት ትታወሳላችሁ።

ሳፋው ከቤቴ ዕቃ ሁሉ ውዱ ነው። ዛሬ ጠዋት ጥቁሩን ሱሪ ያጠብኩት በእሱ ነው። ለሚመጣው በዓል ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱና ያለውን ቁጠሩ። ሳፋ ካስፈለጋችሁ ደግሞ በሳፋ ዋጋ ግዙ።