የሁለተኛ ዲግሪው ጥናት ወደ ቀበሌው የሚመለሰው መቼ ነው?

ከየወረዳው ጽሕፈት ቤት ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሄዱ ሠራተኞች ከሚመርጧቸው የትምህርት ዐይነቶች አንዱ የሕዝብ አስተዳደርና የሥራ አመራር ነው። በእርሻ፣ በገንዘብ፣ በመሬት አስተዳደር ወይም በአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሲሠራ የቆየው ባልደረባ አንዳንዱ በቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዱ በክረምት፣ አንዳንዱም ሥራውን ለጊዜው ትቶ ሁለት ዓመት ያህል ይማራል። በዚህም ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹ የትብብር ደብዳቤ ይዘው፣ የታተመ መጠይቅ በቦርሳ ከትተው ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ብቅ ይላሉ። ሊቀመንበሩ ሰዎች ይጠራል፤ መጠይቁ ይሞላል፤ ተማሪው አመስግኖ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የጥናቱ ወሬ አይሰማም።

ነገሩ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። የገጠሩ የአስተዳደር እርከን ዛሬ በሕግ የቀበሌ አስተዳደር ቢባልም፣ በብዙ ቦታ ባላገሩ አሁንም ገበሬ ማኅበር እያለ ነው የሚጠራው። ስሙ የመጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ካደረገው ከየካቲት 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው። ያ ዐዋጅ በስምንት መቶ ሄክታር አንድ ማኅበር እንዲቋቋም ሲያዝዝ፣ መሬት የማደልደልና ክርክር የመዳኘት ሥራ አብሮ ሰጥቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ዐዋጆቹም ብዙ ጊዜ ተሻሽለዋል። ይሁን እንጂ በገበሬውና በመንግሥት መካከል የመጨረሻዋ ጠረጴዛ አሁንም ያቺው የቀበሌው ጠረጴዛ ናት። በዩኒቨርሲቲ ስለ «ሕዝብ አስተዳደር» የሚነገረው ነገር ሁሉ እውነት መሆኑና አለመሆኑ የሚፈተነውም እዚያው ነው።

ትምህርቱ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት የቴክኒክ ርዳታ አዲስ አበባ ላይ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ የመንግሥት ሠራተኞችን ያሠለጥን ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ የሚሻ ሰው ግን ባሕር መሻገር ነበረበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በሰፊው የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለት ነው፣ ለክልሎች የሚሆን የሰው ኀይል እንዲያፈራ ተከፈተ። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ወደ ድኅረ ምረቃ የሚገባ ሰው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል።

ትምህርቱን በወረዳ ሠራተኞች ዘንድ ተፈላጊ ያደረገው ዋናው ምክንያት ግን ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የተደረገ ለውጥ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ እንዲወርድ ተወሰነ። ወረዳው ከክልሉ ጥቅል በጀት እየተቀበለ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለእርሻና ለውሃ ራሱ የሚደለድል ሆነ። ሲጀመር የነበረው የማከፋፈያ ቀመር የሕዝብ ብዛትን፣ የልማት ደረጃንና ወረዳው ገቢ ለመሰብሰብ የሚያደርገውን ጥረት የሚመለከት ነበር። ትናንት ከዞን ትእዛዝ እየጠበቀ ይሠራ የነበረ ጽሕፈት ቤት በአንድ ጊዜ ዐቃጅም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ቀጣሪም ሲሆን የአስተዳደር ዕውቀት ማስፈለጉ አያጠያይቅም።

ታዲያ ተማሪው ምን ይማራል? በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓመት የክፍል ትምህርት ነው። የፖሊሲ ትንተና፣ የመንግሥት ገንዘብ አያያዝ፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ ያልተማከለ አስተዳደርና የጥናት ዘዴ ይሰጣል። ሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት ነው። ከክፍል ትምህርቶቹ መካከል ለቀበሌ መሪ በቀጥታ የሚጠቅም አለ። የበጀቱ ትምህርት አንዱ ነው። መደበኛ በጀትና ካፒታል በጀት የተለያዩ ናቸው፤ ከወረዳው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለመምህራን፣ ለጤና ሠራተኞችና ለእርሻ ባለሙያዎች ደመወዝ ነው፤ ለድልድይና ለምንጭ ማጎልበቻ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቀበሌው ለሦስት ዓመት የጠየቀው ድልድይ ያልተሠራው ሁልጊዜ በክፋት ወይም በአድልዎ አይደለም ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ነው። ሁለቱን ለይቶ፣ ቁጥሩን በግልጽ ቋንቋ በጉባኤ ፊት ማስረዳት ያልቻለ የወረዳ ኀላፊ ሁለተኛ ዲግሪ ቢኖረውም ትምህርቱ ገና አልደረሰበትም።

ሌላው ጠቃሚ ነገር የመዝገብ ጉዳይ ነው። የዚህ ትምህርት አባት ከሚባሉት አንዱ ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ነው። ቬበር መሥሪያ ቤት ማለት በጽሑፍ በሰፈረ ደንብና በመዝገብ የሚሠራ፣ የሹሙ የግል ቤትና የቢሮው ንብረት የማይደባለቁበት ነው ይላል። ተማሪው ይህን ለፈተና ይሸመድደዋል። የቀበሌ መሪ ግን ሳይሸመድደው ያውቀዋል፤ ሊቀመንበር ሲለወጥ ማኅተሙና ቃለ ጉባኤው በቀድሞው ሰው ቤት የሚቀርበት ጊዜ አለና። የመሬት ይዞታ ደብተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ችግሩ ይበልጥ ከብዷል። አባቷ የሞተባት ሴት ልጅ ውርሷን በስሟ ለማዛወር ስትጠይቅ፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አረጋግጦ ወረዳው መዝገቡን ማስተካከል አለበት። በዚህ መካከል አንዲት ወረቀት ብትጠፋ የምትከራከረው ከባዶ እጅ ነው።

ከዩኒቨርሲቲና ከሥልጠና አዳራሽ ወጥቶ ቀበሌ የደረሰ ሁሉ ግን እንዲህ የሚጠቅም አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ» የሚባለው፣ በብዙ ሰው አፍ ቢፒአር ተብሎ የቀረው፣ ቀጥሎም «ሚዛናዊ ውጤት ተኮር» የተባለው የሥራ አመራር ዘዴ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1993 በመጽሐፍ ያስፋፉት ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ፣ ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን ናቸው። አራቱም የጻፉት ስለ አሜሪካ ኩባንያዎች ነበር። የሐሳቡ ፍሬ መጥፎ አይደለም። ባለጉዳዩ የሚመላለሰው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ያ ደረጃ ባይኖር ምን ይጎድላል? ይህን መጠየቅ ለማንኛውም ቢሮ ይበጃል። የውርስ ጠያቂዋን ሴት አምስት ጊዜ የሚያመላልሳት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ለቀበሌው ትልቅ ነገር ነው።

ቀበሌ ሲደርስ ግን ከጥያቄው ይልቅ ቅጹ በዛ። ግድግዳ ላይ «ይህ አገልግሎት በዐሥር ደቂቃ ይሰጣል» የሚል ሠንጠረዥ ተለጠፈ፤ አገልግሎቱን የሚሰጠው ሰው ግን ስብሰባ ሄዷል። በዕቅዱ መሠረት በየቀበሌው ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት፣ ሊኖሩ ይገባል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከገበሬው ማሳ ይልቅ ከሪፖርት ቅጽ ጋር የሚያሳልፉት ሰዓት ቀላል አልነበረም። ነጥብ የሚሰጠው ለተሞላው ቅጽ ከሆነ ቅጹ ይሞላል፤ ማዳበሪያው በሰዓቱ ይድረስ አይድረስ በሌላ ዓምድ የሚታይ ነገር ይሆናል። ጉድለቱ የሐሳቡ ብቻ አይደለም። ሐሳቡ በዚህ ቀበሌ ይሠራል ወይ ብሎ ቀድሞ የጠየቀ ጥናት ከገበሬው ፊት አለመቅረቡ ነው። ይህም ወደ መጠይቁ ይመልሰናል።

ተማሪው ይዞት የሚመጣው መጠይቅ ብዙውን ጊዜ አሜሪካዊው ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው ዘዴ የተሠራ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ይነበባል፤ «የቀበሌው አስተዳደር ለሕዝብ ቅሬታ ፈጣን ምላሽ ይሰጣል» የሚል ሊሆን ይችላል። መላሹ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ካሉት አምስት መልሶች አንዱን ይመርጣል። በኋላ መልሶቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው በኮምፒዩተር ይደመራሉ። ዘዴው በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን መጠይቁ የሚሞላው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆሞ፣ ጠያቂውም ከወረዳ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ «በጣም አልስማማም» የሚል ገበሬ ከየት ይመጣል? በጨዋ ደንብ እንግዳ ፊት ቤትን ማማት ነውር ነው። በዚያ ላይ ነገ የማዳበሪያ ተራ አለ፤ የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር አለ። ስለዚህ ሁሉም ይስማማል። ተማሪውም መልካም አስተዳደር ሰፍኗል ብሎ ይጽፋል፤ ወይም መላሾቹ እንደ ፈሩ ገብቶት ከቁጥሩ ውጭ ያየውን ይጽፋል። ሁለተኛው ዐይነት ጥናት አለ፤ ጥሩ ተማሪም አለ፤ ግን ከመላሹ ድጋፍ ሳያገኝ ነው።

እዚህ ላይ የመሪዎቹም ድርሻ አለበት። ተማሪ መጥቶ «ሃያ ገበሬ ይጠራልኝ» ሲል የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ሞዴል ገበሬው፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ መንገድ ዳር የሚኖረውና ስብሰባ የለመደው ሰው። ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን በእኩል የምታሳርሰው ሴት አትጠራም። መሬት ያልደረሰው ወጣት አይጠራም። ከሸለቆው ማዶ ያለው ጎጥ ሩቅ ነው ተብሎ ይታለፋል። ጥናቱ የጎደለው ከመነሻው ነው፤ ያጎደለውም ዩኒቨርሲቲው ብቻ አይደለም። እውነቱ ከተነገረ ቀበሌውን ይጎዳል የሚለው ፍርሃት በብዙ መሪዎች ዘንድ ያለ ነው። ነገር ግን ችግር የለም ተብሎ የተጻፈለት ቀበሌ በጀት ሲደለደል ምን ብሎ ይጠይቃል?

ጥናቱ ካለቀ በኋላ ያለው ችግር ደግሞ የቋንቋና የመንገድ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ገበሬው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋው የተናገረው ተተርጉሞ፣ በምዕራፍ ተከፋፍሎ፣ ሠንጠረዥ ተጨምሮበት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። በመጨረሻው ምዕራፍ «የሚመለከታቸው አካላት ይህን ቢያደርጉ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ አለ። የሚመለከታቸው የተባሉት የቀበሌ መሪዎች ግን ጽሑፉን አይተውት አያውቁም፤ ቢያዩትም አብዛኞቹ ቋንቋውን አያነቡትም። በአንድ ወረዳ የውሃ ኮሚቴ ለምን እንደሚፈርስ፣ ወይም የሴፍቲኔት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ለምን እንደማይሰበሰብ የተሠራ ሥራ መደርደሪያ ላይ ሲተኛ፣ ሌላ ተማሪ በሌላ ዓመት መጥቶ ያንኑ ጥያቄ ያንኑ ሰው ይጠይቃል። ባላገሩ መጠይቅ ቢሰለቸው አይፈረድበትም።

የሠራተኛውም ነገር አለ። በመንግሥት ወጪ የሚማር ሠራተኛ ተመልሶ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ግዴታ ይፈርማል። ሲመለስ ግን የተሻለ ደረጃ ያለው መደብ በዞን፣ በክልል ወይም በርዳታ ድርጅት ሊገኝለት ይችላል፤ ግዴታውን እንደ ጨረሰ ወይም ሳይጨርስም ይሄዳል። ወጣቱ ለምን ሄደ ማለት አይቻልም፤ ደመወዙና ኑሮው ይታወቃል። ማለት የሚቻለው ሌላ ነው። ለሁለት ዓመት ሲማር የእርሱን ፋይል ማን ያዘ? የሰባት ቀበሌ የመስኖ ክርክር በእርሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ከእርሱ ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዷል ማለት ነው። ወረዳው አንድን ሠራተኛ ለትምህርት ሲለቅቅ የርክክብ ሰነድና ተወካይ እንዲኖር የቀበሌ ተወካዮች በወረዳው ምክር ቤት ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ሥልጣናቸውም ነው።

መጠይቁን በተመለከተም መሪዎች የሚያደርጉት ነገር ትልቅ ገንዘብ አይፈልግም። የትብብር ደብዳቤው ሲመጣ የተማሪው ስም፣ የዩኒቨርሲቲው ስምና የጥናቱ ርእስ በቀበሌው መዝገብ ይግባ። ከመጠይቁ በፊት ተማሪው ጥናቱ ሲያልቅ ሁለት ገጽ የሚሆን ማጠቃለያ በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ እንዲልክ ይጠየቅ፤ አንዱ ቅጂ ለቀበሌው ፋይል፣ አንዱ ለወረዳው ምክር ቤት። ተጠያቂዎቹን ሊቀመንበሩ ከሚመርጥ ተማሪው ራሱ ከግብር ወይም ከይዞታ መዝገቡ በዕጣ ቢያወጣ፣ መጠይቁም በየቤቱ ደጃፍ ቢሞላ ይሻላል፤ ተማሪው የተማረውም ይህንኑ ነው፤ ሲመጣ ጊዜ ስለሚያጥረው እንጂ። ሊቀመንበሩ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ቢኖረው ደግሞ ለጥናቱ የበለጠ ይጠቅመዋል።

በመደበኛው የትምህርት ዘመን ተማሪዎች መረጃ የሚሰበስቡት አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው፤ ለገበሬውም ከአጨዳና ከውቂያ ቀጥሎ ጥቂት ፋታ ያለበት ጊዜ ነው። ጽሑፉ ለመምህራን ቀርቦ የሚፈተነው በሰኔ ገደማ ስለሆነ፣ ማጠቃለያው ወደ ቀበሌው የሚመጣው ክረምቱ መንገዱን ከዘጋ በኋላ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ቀጠሮው ከመጀመሪያው ለመስከረም ቢያዝ፣ የሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅድ ወደ ወረዳ ከመላኩ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ለመነበብ ይደርሳል።